ስልከኛ ልሆን ስዘጋጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፤ ወረታ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሳህን አጥቤ ጨረስሁ። የጎንደር ሾፌሮች በልተው ሄዱ፤ አሁን የስልክ ምሰሶ ተካዮቹ ብቻ ቀርተዋል። ሽሮ ጨመርሁላቸው፣ እጄን አደረቅሁ፣ ጓዳ ገባሁ። ደብተሬ፣ ስሚኝ። ስሜ ወጣ!

ወረዳ ግዛቱ ጽ/ቤት በር ላይ ተለጥፏል። ለስልከኛነት የጽሑፍ ፈተናውን አልፈው ጎንደር ለቃል ፈተና የሚቀርቡት። ከወረታ እኔ ብቻ። ትርንጎ ዓለሙ ይላል። ታኅሣሥ 17፣ ጧት። አነበብሁት፣ ዞር አልሁ፣ ተመልሼ አነበብሁት። ዘበኛው ሳቀብኝ።

አንች አዲስ ነሽና ታሪኬን አታውቂም። በአጭሩ፦ ዕድሜ ሃያ አንድ። ልጅ ሳለሁ ድረውኝ ነበር፤ ፈታሁ። ከዚያ ደብረ ታቦር ት/ቤት ገብቼ ስምንተኛን ጨረስሁ። እናቴ የለችም። አባቴ ከርብ ወንዝ ማዶ ከከብቶቻቸው ጋር ናቸው። እኔ ከእናቴ ታናሽ እህት ከእትየ የሺ ዘንድ ነኝ። መንገዱ ከሚገነጠልበት ላይ ለሾፌርና ለመንገደኛ ምግብ እናቀርባለን።

ለምሰሶ ተካዮቹ ካቦ ነገርሁት። ደስ አለውና ወዲያው አስደነገጠኝ። የጽሑፉ ፈተና ምንም አይደለም፣ ሰው የሚወድቀው በቃሉ ነው አለኝ። የትም መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር ይጠይቃሉ። አንዱን በሽቦው ውስጥ ቢሰድቡህ ምን ታደርጋለህ ቢሉት፣ ሄጄ ጥርሱን አወልቃለሁ ብሎ እዚያው ተሰናበተ አሉ።

እኔስ? ቢሰድቡኝ? እንጃ። ይታሰብበታል። እትየ እየጠራችኝ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19፤ አመሻሽ

ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ አስመራ ሳሉ በስልክ ተነጋግረዋል። ስለ ስልክ የሰማ እንጅ ያየ በሌለበት አገር እሳቸው አዋቂ ናቸው። ዛሬ ሱቃቸው አስጠሩኝ።

በስልክ ፊት የለም አሉኝ። ፈገግ ብትይ አይታይ፣ ብትሽቆጠቆጭ አይታይ፤ ሁሉም ድምፅ ነው። ከዚያ አቡጀዲ ዘርግተው እንደ መጋረጃ ሰቀሉት። እሳቸው ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። ሀሎ! አሉ። ሳቅ አፈነኝ። ሐጂ ግን የዋዛ አይደሉም። አንዴ የተቆጣ ነጋዴ፣ አንዴ የቸኮለ ጸሐፊ፣ አንዴ ደግሞ ስልክ ይዛ የማታውቅ ባላገር ይሆናሉ፤ «ኧረ እዚህ ዕቃ ውስጥ ማን አለ!» ይላሉ በቀጭን ድምፅ። ጨርቅ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ቆሞ ይስቃል። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው ይኸን ሰውዬ ምን ነካው አሉ።

በመጨረሻ ከአቡጀዲው ወዲያ በራሳቸው ድምፅ፦

«ትርንጎ፣ እኔ ከጎንደር ነጋዴ ጋር ስለ ኑግ ስነጋገር ብትሰሚ፣ ለአክስትሽ ትነግሪያለሽ?»

«አልነግርም።»

«ቶሎ አልሽው። ቶሎ የሚምል ሰው አይታመንም። መጀመሪያ አስቢው፤ ከዚያ በይ።»

አሰብሁት። እውነትም ከባድ ነው። እትየ እኮ ከአይኔ ላይ ወሬ የምታነብ ሴት ናት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22፤ ገበያ ሲበተን

እትየ የሺ ማንም ሳይሾማት ፈታኝ ሆነች። ቤቱ ጭር ሲል ሾፌሮች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ጉብ አለች፣ እጇን አጣመረች፣ እኔን አቆመችኝ። ፊደል አትቆጥርም። ግን ስንት ዘመን ሾፌር የመረመረች ናት፤ ማን ከየት እንደ መጣ፣ ማን ምን እንደ ደበቀ ታውቃለች።

ስምሽ? ትርንጎ። ጮክ በይ፣ ማን አነቀሽ! ትርንጎ ዓለሙ። ባል አለሽ? የለኝም። ለምን?

እዚህ ላይ ቆምሁ። አልተስማማንም አልሁ። እሱንማ ፈት ሁሉ ይለዋል አለች። መማር ፈልጌ አልሁ። ውሸት! ያኔ ሀ እና ለ መች ለየሽ!

ለአንች ልንገርሽ። ክፉ ሰው አልነበረም። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። እሱ ጎልማሳ፣ እኔ ሕፃን። ያን ክረምት የፎገራ ሜዳ ውሃ ሆነና ቤታችን ደሴት መሰለ። ቁጭ ብለን እንተያያለን፤ የምንባባለው ነገር የለም። ውሃው ሲጎድል ወጥቼ ሄድሁ። አልተከተለኝም። አሁን አግብቶ ወልዷል። ባለፈው ገበያ አግኝቶኝ በትዳር ሳለን ካወራነው የበለጠ አወራን፤ የልጆቹን ስም ነገረኝ።

ይኸን ለእትየ ነገርኋት። አሰበችና ፈረደች፦ «እንግዲያ ‹ልጅ ነበርሁ› በይ። ከዚያ ዝም በይ። ዝምታውን እነሱ ይሙሉት።»

እትየን ዳኛ ያላደረጋት መንግሥት ተጎዳ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27፤ ከሰዓት

አባባ መጡ። ደስ ብሏቸዋል። ጋቢያቸው የታጠበ፣ ጢማቸው የተስተካከለ። ገና ሳይቀመጡ ነገሩኝ። ከጉማራ በኩል ደህና ቤት ጠይቆኛል። ሚስቱ የሞተችበት ሰው፤ ጨዋ፣ ባለ ብዙ ከብት። ጥር ሲገባ፣ ከጥምቀት በፊት ሽማግሌ ይልካሉ።

የምሥራች ይዘውልኝ መምጣታቸው ነው። ሳያቸው አንጀቴን ይበሉታል። አርጅቻለሁ፣ አንችን ሰው እጅ ሳላገባ ብሞት እናትሽ ትቀየመኛለች ነው የሚሉት።

ስለ ፈተናው አንድ ቃል አልተነፈስሁም። እትየ ከምድጃው ጎን ሆና አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ። ለባዳ ሰው መልስ ስለማመድ ሰንብቼ ለገዛ አባቴ ጠፋኝ!

ከሄዱ በኋላ እትየ አልተቆጣችኝም። መጀመሪያ እለፊ፣ ላልተያዘ ሥራ ጠብ አያሻም አለችኝ። እውነት ነው። ግን ከፋኝ። ምሳም አልበላሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2፤ ወንዛዬ

እትየን ጉልበቷ ክፉኛ ስለ ጠዘጠዛት በበቅሎ ወንዛዬ መጣን። ትናንት ገባን፤ ዛሬ ሁለቴ ታጠበች። ፍል ውሃው ጥሩ ነው። ሰውነቴ እንደ ሊጥ ላልቷል።

ችግሩ እትየ ነች። ውሃ ውስጥ ገብታ ገና አንገቷ ድረስ ሳትጠልቅ፣ የእህቴ ልጅ ስልከኛ ልትሆን ነው ብላ አወጀች። እስቲ ጠይቋት አለች። ጠየቁኝ! ሽቦው ውስጥ ያለው ሰው አይታፈንም? መብረቅ ቢመታው ድምፁ ይቃጠላል? ባሌ ባሕር ዳር ሄዷል፤ ከማን ጋር እንዳለ ይታያል? ለሁሉም መለስሁ፣ በሚሰማ ድምፅ፣ ሳልስቅ። እንፋሎቱ እንደ ሐጂ አቡጀዲ ነው፤ ፊት አይታይም።

ከጥግ የነበሩ አንዲት እማሆይ ግን ሌላ ነገር አመጡ።

«ልጄ፣ መርዶም በዚህ ሽቦ ይመጣል?»

ይመጣል አልኋቸው።

«እንግዲህ አንች ከሟቹ ዘመድ በፊት ልትሰሚ ነው። ያች ዘመዱ እየሳቀች በደጅሽ ስታልፍ እንዴት ትሆኛለሽ?»

ውሃው ይንፎለፎላል። አላውቅም እማሆይ አልሁ። እሳቸውም አላውቅም አሉ።

ካቦውም፣ ሐጂም፣ እትየም ያላሰቡት ጥያቄ። መንገድ ለመንገድ አስበዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9፤ ወረታ

ድምፄ ጠፋ። ከወንዛዬ ስንመለስ ሙቀት ላይ ነፋስ መታኝ። ዛሬ ጧት አፌን ብከፍት አየር ብቻ ወጣ። ድምፅ የሌላት ስልከኛ! ይኸን የሰማው ካቦ ሳቁን መዋጥ አቃተው።

እትየ ዝንጅብል ከማር አፍልታ አጠጣችኝ። የሐጂ ባለቤት ዳማከሴ ጨምቀው ላኩ። ሾፌሮቹ ሁሉ ሐኪም ሆኑ፤ አንዱ ቃሪያ ብይ ይለኛል፣ አንዱ ቃሪያ እንዳታይ። እኔ በምልክት ወጥ አቀርባለሁ።

ተናድጃለሁ። ፈርቻለሁ። ማሩ ግን ይጣፍጣል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 14

መጣ! ቅዳሴ ላይ «አሜን» ስል ወጣ። ትንሽ ወፈር ብሏል። ሐጂ ከአቡጀዲው ወዲያ ሆነው ሰሙኝና፣ ይኸኛው ይሻላል፣ ሰው ያምነዋል አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 16፤ ጎንደር

ከኑግ ጆንያ በላይ ተቀምጬ ገባሁ። ሾፌሩ የእትየ ደንበኛ ነው፤ መንገዱን ሙሉ በመስኮት እየጮኸ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ እኔም ከላይ እየጮህሁ መለስሁ። በየመንደሩ ሰው ያፈጣል። ያረፍሁት ከእትየ ባልንጀራ ቤት ነው። ጫማዬን ወለወልሁ። ነጠላዬን ተኮስሁ። በቃ። ከዚህ ወዲያ ማጥናት ራስን ማስጨነቅ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 17፤ ጎንደር፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ግቢው ውስጥ ኮት የለበሱ ጎረምሶች ሞልተዋል። ሴት እኔና አንዲት የጎንደር ልጅ ብቻ። ስሜ ሲጠራ ገባሁ። ጠረጴዛ፣ ከወዲያ ሦስት ሰው። መሐል ሽማግሌ፣ መነጽር ያደረጉ፤ ሹሙ እሳቸው ናቸው። በግራ አንድ ወጣት ጸሐፊ። በቀኝ ወ/ሮ አልማዝ፣ የጎንደር ስልከኞች አለቃ፤ ቀጥ ያሉ ሴት፣ አይናቸው የማይረግብ።

መጀመሪያ ቁጥር አስነበቡኝ፤ ጥርት አድርጌ አነበብሁ። ከዚያ ሽማግሌው፦ ባል አለሽ? የለኝም። እሺ አሉ፣ ጸሐፊው ጻፈ፣ አለፉ። ስንት ቀን የተለማመድሁት! ለምን ብለው አልጠየቁም። ትንሽ ቅር አለኝ፣ ብታምኚም ባታምኚም።

ቢሰድቡሽስ አሉ። ሾፌር ያበላ ሰው ስድብ አይገርመውም፤ እሺ ጌታዬ፣ አሁን አገናኝዎታለሁ እላለሁ አልሁ። ጸሐፊው ሳቀ።

ከዚያ ከበደ። «አንድ ሹም በሽቦ ይደውላሉ፤ ቶሎ አገናኝኝ ይሉሻል። በመስኮትሽ ደግሞ ልጁ የታመመበት ባላገር ሐኪም ጥሪልኝ ይላል። ማንን ታስቀድሚያለሽ?»

ካቦው ሹሙን በይ ብሎኝ ነበር። ሐጂ ቀድሞ የመጣውን በይ ብለውኛል። ሁለቱም አፌ ላይ አልመጡም።

«ሹሙን ‹ሕፃን ታሟል፣ ጥቂት ይታገሡኝ› እላቸዋለሁ። ሹም ናቸውና ይታገሣሉ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አቆመና ወደ ሽማግሌው አየ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁም።

እስከዚህ ዝም ያሉት ወ/ሮ አልማዝ ተናገሩ። «መልስሽ ሁሉ ያማረ ነው። ማን አስጠናሽ?»

መዋሸት አልቻልሁም። አክስቴ፣ ጎረቤታችን ሐጂ፣ ምሰሶ የሚተክሉት ካቦ፣ ወንዛዬ የታጠቡት ሴቶች አልሁ። ሁለቱ ወንዶች ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

«እንግዲያ ያላጠናሽውን ልጠይቅሽ። ይህን ሥራ ለምን ፈለግሽ? አገሬን ላገልግል እንዳትይኝ፤ ከአንች በፊት የገቡት ሁሉ ብለውታል።»

ደብተሬ፣ ልለው የነበረው ይኸንኑ ነበር! ዝም አልሁ። ዝምታውን እነሱ እንዲሞሉት ጠበቅሁ፤ አልሞሉትም። ከዚያ ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ ተናገርሁት።

እናቴ የሞተችው በነሐሴ ነው፤ ርብ ሞልቶ። እኔ ወረታ ነበርሁ። ከቤታችን እስከ ወረታ በበጋ ቢሆን ጧት ወጥቶ ለምሳ የሚደረስበት ነው። ያኔ ግን ሰው መሻገር አልቻለም። ውሃው ጎድሎ መርዶ ሲደርሰኝ ተቀብራ ሰንብታለች። መታመሟንም፣ መሞቷንም፣ መቀበሯንም በአንድ ጧት ሰማሁ። በነዚያ ቀኖች እኔ ለሾፌሮች እየሳቅሁ ወጥ አወጣ ነበር። ሽቦ በውሃ ላይ ያልፋል፤ ወንዝ አያቆመውም። ለዚህ ነው አልኋቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ወ/ሮ አልማዝ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠሉ፦

«በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉ የሚከብድሽ ምን ይመስልሻል?»

«መርዶ ነው። ከሟቹ ዘመድ በፊት እሰማለሁ። ዘመዱ እየሳቀች ትመጣለች።»

«ትነግሪያታለሽ?»

አሰብሁት። ሳልቸኩል። «አልነግራትም። የሚያረዷት ዘመዶቿ ናቸው፤ የእኔ ወሬ አይደለም። ግን እስኪመጡ ቁጭ በይ ብዬ ወንበር እሰጣታለሁ።»

ወ/ሮ አልማዝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውጭ ጠብቂ አሉኝ። ወጣሁ፣ ፀሐይ ላይ ቆምሁ። ዛሬ ውጤት የለም፤ ነገ ኑ ተባልን።

ብወድቅም አይቆጨኝም። አይ፣ ይቆጨኛል። በጣም ይቆጨኛል። ግን የተናገርሁት የራሴ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 18

አለፍሁ። አለፍሁ። የጎንደሯም ልጅ አለፈች፤ ተቃቅፈን ዘለልን፣ ስሟን እንኳ ሳላውቅ። ጥር 6 ሰኞ ሥልጠና ይጀመራል፤ እዚሁ ጎንደር። ስንጨርስ የወረታው ጣቢያ ከተከፈተ ወረታ፣ ካልሆነ ወደ ተፈለግሁበት።

ወ/ሮ አልማዝ በበሩ ሲያልፉ ቆም አሉ። የት ታርፊያለሽ አሉኝ። የምታውቂው ከሌለሽ ግቢዬ ውስጥ ሠልጣኞች የማሳድርበት ክፍል አለ አሉ። አልሳቁም አሁንም። ግን ወደድኋቸው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 29፤ ገና፣ አባባ ቤት

ጾም ተፈታ፤ በግ ታረደ። ሜዳው ላይ ጎረምሶቹ ገና ይጫወታሉ፤ ጩኸታቸው እዚህ ይሰማል። ሽምብራው አብቧል። ከብቶቹ ለምለም ሣር ላይ ናቸው። ሁሉም ጥሩ ነው፤ እኔ ብቻ ጧቱን ሙሉ ከጓዳ ደጅ ስመላለስ ዋልሁ።

ከምሳ በኋላ ነገርኋቸው። አንድም ያጠናሁት ቃል የለበትም። አባባ፣ ሥራ አግኝቻለሁ፣ መሄድ እፈልጋለሁ። በቃ።

ተነሡ። ወጡ። ላሞቹን ዞረው አዩ፣ ያልታመመችውን ጥጃ ዳበሱ። ተመለሱ፣ ተቀመጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

«ብትታመሚ ማን ውሃ ያቀብልሻል?»

ስለ ወ/ሮ አልማዝ ግቢ ነገርኋቸው። ሴትዮዋ የማን ልጅ ናት አሉ። አላውቅም አልሁ። ሰው እንዲህ ሳይጣራ ይኬዳል ወይ አሉ። እውነት አላቸው። አጣርቼ ለእትየ እልካለሁ አልሁ።

ከዚያ፦ «እኔ እኮ አንችን ሳልድር ብሞት ነው የፈራሁ። ሥራም አንድ ቤት ነው ካልሽ…» አሉና ተዉት። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ እኔ እንቢ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም፣ አንችው ንገሪያቸው አሉ።

እኔ? በሽማግሌ ፊት? ይኸ ያልታየ ነው። ግን እንቢ አላሉኝም! ደብተሬ፣ እንቢ አላሉኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 4፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

አሁን ሄዱ። ልጻፍ።

ሦስት ሆነው መጡ፤ ነጭ በነጭ ለብሰው። ቁጭ በሉ ቢባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፣ እንደ ወጉ። አባባ ጉዳዩን አስጨረሷቸውና ወደ ጓዳ ዞረው ጠሩኝ። ወጣሁ። እጅ ነሣሁ። አንደኛው ሽማግሌ ደነገጡ።

«አባቶቼ፣ አክብራችሁኝ መጥታችኋል። ሰውየውም ቤቱም ምንም አይወጣላቸውም። እኔ ግን ሥራ ይዣለሁ፤ ከነገ ወዲያ ጎንደር እገባለሁ። ቆዩኝ ብዬ ሰው አንጠልጥዬ አልሄድም። ቤቱን የምትሞላ ሌላ ፈልጉላቸው።»

አንደኛው፣ ዘንድሮ ሴት ልጅ ትመልስልን ጀመር ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አባባ ላብ በላብ ሆነዋል። ግን ልጄ ናት፣ እኔም የምለው እሷ ያለችውን ነው አሉ። ልቤ ሞላ።

በዕድሜ የገፉት፣ የሰውየው አጎት፣ የዝንብ ጭራቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኙ። ምን ሥራ ነው አሉ። ነገርኋቸው። ሽቦ፣ ምሰሶ፣ ድምፅ።

«ይኸ ሽቦ ሐረር ይደርሳል?»

«ሐረር ማን አለዎት አባቴ?»

«ልጄ። ወታደር ነው። ከሄደ ድምፁን አልሰማሁም።»

ይደርሳል ልል ነበር፤ ደስ እንዲላቸው። ግን አላውቅም። «አላውቅም አባቴ። ሰኞ ጠይቄ፣ መልሱን በሾፌር ለአክስቴ እልክልዎታለሁ።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ሌሎቹ ተያዩ፤ እነሱም ተቀመጡ። አባባ ጠላ ቅጂ አሉኝ፤ ቀዳሁ። ስለ ልጁ አወሩልን፣ ስለ ሳቁ፣ ሲናገር ስለሚኮላተፈው ምላሱ፤ ባገኘው ወዲያው እንዳውቀው።

ነገ እሑድ ወረታ እገባለሁ፣ እትየን እስማለሁ። ሰኞ በማለዳ ጎንደር። እሄዳለሁ፤ ተቆርጧል። ወ/ሮ አልማዝ ገና ምን እንደሚያስተምሩን ሳይነግሩን እኔ እጄን አነሣለሁ፦ እመቤቴ፣ ሐረር በየት በኩል ነው የሚገናኘው?